አያ ፈንታ ያልተናገሩት መርዶ

አያ ፈንታ መሞታቸውን የሰማሁት ከጡሩምባ ነፊያችን ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የሰማሁት ከራሳቸው ነው። ከመሞታቸው ከሦስት ቀን በፊት አልጋቸው ድረስ አስጠርተው የቀብራቸውን ዕቅድ አስጻፉኝ። ድንኳኑ በየት በኩል እንደሚተከል፣ ለቀስተኛው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ እኔ የት ተቀምጬ የመጣውንና የቀረውን እንደምመዘግብ፣ ሁሉንም ተራ በተራ ነገሩኝ። ሲጨርሱ «ሰዓቱ ብቻ ክፍት ይሁን» አሉ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ጡሩምባው ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲነፋ ሚስቴ «ማን ይሆን የሞተው?» ብትለኝ፣ «ዕቅዱ ሥራ ላይ ዋለ» አልኳት።

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በአያ ፈንታ ነገር ጮክ ብሎ መሳቅ በሰፈራችን አልተለመደም፤ ሞተውም ቢሆን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ከአያ ፈንታ ጋር ለብዙ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሰብሳቢያችን እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት ምን እንደነበሩ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ጸጉሩ የሸበተ ሁሉ ያውቃል፤ በደርግ ጊዜ የደህንነት ሹም ነበሩ። የእሳቸውን ነገር ስጽፍ የጎረቤታችንን የእትዬ አንጓችን ነገር ማለፍ አልችልም። አንድ ልጃቸው ዋሲሁን ተማሪ ሳለ አንድ ንጋት በሩ ተንኳኳና ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ። እትዬ አንጓች ከዚያ ወዲህ ከዚህ ዓለም የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ መርዶ። የሚያውቅ ሰው መጥቶ «ልጅሽ ሞቷል» ይበላቸውና ድንኳን ተጥሎ ወጉን ያልቅሱ። የሚያውቀው ሰው ከቤታቸው ሦስት አጥር ዝቅ ብሎ ይኖር ነበር።

የአያ ፈንታ የሹመት ታሪክ እንዲህ ነው። በአዲ አርቃይ በኩል የተወለዱ የቄስ ልጅ ናቸው። ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ጀምረው፣ ድምፃቸው እምቢ ሲላቸው ከተማ ወርደው የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኑ። ንጉሡ የወረዱ ጊዜ ሰዉ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ሲጮህ፣ እሳቸው ጥግ ይዘው ማን እንደጮኸና ማን እንዳልጮኸ ያዩ ነበር ይባላል። አብዮቱ የሚጮህለት ሰው ሞልቶት ነበር፤ የቸገረው የሚያይለት ነው። ተላላኪው የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆኑ፣ ሊቀ መንበሩ ካድሬ ሆኑ፣ ካድሬው ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ተላኩ። ዳዊት የያዘው ጭንቅላት ሌኒንንም ያለ ችግር ያዘው። ሲመለሱ የቆዳ ኮት ለብሰው ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥለው ነበር፤ ያች ቦርሳ በአንድ መንገድ ስትመጣ ሰው በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ታሰሩ። እስር ቤትም ቢሆን ሥልጣን አላጡም፤ የእስረኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው የመጸዳጃውን ወረፋ በሦስት ፈረቃ ከፍለውት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ሲፈቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሰፈሩን ሰው ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ እየነሱ፣ ቁስቋም ደጀ ሰላም ቆሙ። ሰዉ ምን ያድርግ? ጎንደሬ የቆመ ሰው ሲያይ ተቀመጥ ማለት ልማዱ ነው።

የተቀመጡት ግን የሰብሳቢው ወንበር ላይ ነው። የድሮው ሰብሳቢያችን ሲሞቱ ቦታውን የሚፈልግ ጠፋ፤ የእድር ሰብሳቢነት ትርፉ መሰደብ ነው። ሁላችንም መሬት መሬቱን ስናይ አያ ፈንታ ከኋላ እጃቸውን አወጡ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አሉ። ያችን ቃል ከሰማን ስንት ዘመን ሆኖናል፤ ወገባችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ጥያቄው ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። አንዱ «አያ ፈንታ ይሁኑ» አለ፣ «የሚቃወም አለ?» ተባለ። ማን ይቃወማል? በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ቃለ ጉባኤው በእጄ ተጽፏል፤ «ስብሰባው በከፍተኛ የትግል መንፈስ ተጠናቀቀ» የምትለዋን ግን እሳቸው ናቸው ያስገቧት።

ከዚያ በኋላ እድራችን እድር መሆኑን ረሳ። አያ ፈንታ ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አይቀመጡም። በእቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ትንሽ ራዲዮ ነበረች፤ ነገር ሊነግሩኝ ሲሉ መጀመሪያ እሷን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ፣ ከዚያ «የድንኳኑ ካስማ ሁለት ጎድሏል» ይሉኛል። በስልክ የሰው ስም አይጠሩም፤ «ያ ረጅሙ» ይላሉ፣ «ያች ባለ ሱቋ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ ንፍሮው ጥሬ ሆኖ ቀረበና ሂስና ግለ ሂስ ይካሄድ አሉ። ንፍሮ የቀቀለችው ሴትዮ ተነሥታ «ባቄላው አልበስል ብሎኝ ነው እንጂ እኔስ ከጠዋት ጀምሬ ጥጄው ነበር» ብትል፣ «ጓዲት፣ በባቄላው አታሳብቢ» አሏት። «ጓዲት» ማለታቸውን ሲያውቁት አፈሩና «እህቴ» ብለው አረሙት። ሁላችንም ያልሰማን መሰልን።

ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ደግሞ ነበረቻቸው። «ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም።» አንድ ነገር አድርጌያለሁ ስል «የታል?» ይሉኛል፤ መዝገቡ ላይ ካላሳየኋቸው አያምኑም። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ እጽፋለሁ። ምን ላድርግ፤ ጸሐፊ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ሥራ ላይ ግን ወደር አልነበራቸውም፤ መርዶ ነገራ ላይ። እንደምታውቁት ሰው ርቆ ሲሞት ቤተሰቡ ድንገት እንዳይሰማ፣ ሽማግሎች በማለዳ በሩ ላይ ደርሰው ነው የሚነግሩት። ሌላ እድር እያለቀሰ ሄዶ ገና ከአጥሩ ውጭ ነገሩን ያበላሸዋል። አያ ፈንታ ግን ከዋዜማው ቤቱን ዞረው ያዩታል። ስንት በር አለው፣ ማን ከሐዘንተኛዋ ኋላ ይቆማል፣ ውኃ ማን ይይዛል፣ ልጆቹን ማን ያወጣል፣ ሁሉም ይታወቃል። ንጋት ላይ ደርሰው ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርገው ያንኳኳሉ። በሩ ሳይከፈት የቀረበትን ቀን አላውቅም። ይህንን ሙያ የት እንደተማሩት የጠየቀ የኮሚቴ አባል አልነበረም።

የቢራራን ነገር እዚህ ላይ ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ቢራራ ልብስ ሰፊ ነው፤ በልጅነቱ የዋሲሁን የክፍል ጓደኛ ነበር። ወንድሙ መተማ ሞቶበት መርዶ ልንነግረው አምስት ሆነን ሄድን። አያ ፈንታ አንኳኩ። ቢራራ በመስኮት አይን አይናቸውን አየ፤ ከዚያ በጓሮ በኩል የእግር ኮቴ ሰማን። የስድሳ ዓመት ሰውዬ በሌሊት ልብሱ አጥር ዘሎ ቁስቋም ወዳለው ወደ ፈረሰው የእቴጌይቱ ግንብ ሽቅብ ይሮጣል። ተከተልነው። በሮጥን ቁጥር ይብስበታል። ፍርስራሹ ውስጥ ከአንድ ግድግዳ ሥር ተኮራምቶ አገኘነው። አያ ፈንታ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ቢራራ፣ እግዜር ያጽናህ፣ ወንድምህ አርፏል» አሉት።

«እሱ ነው?» አለ ቢራራ። «እሱ ብቻ?»

«እሱ ብቻ።»

«ተመስገን፤ እኔን መስሎኝ» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ራሱን በጥፊ መታ። ያን ዕለት ለወንድሙ ሲያለቅስ ሁለት ሰው አቅፎ አልቻለውም። አያ ፈንታ በመመለሻችን ላይ «ሸጋ ሰው ነው፤ ምነው እንዲህ ይደነግጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ።

እትዬ አንጓች ግን ደንግጠው አያውቁም። በሰፈሩ አያ ፈንታን አንተ የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸው። የሰው ለቅሶ ሲሆን ይመጣሉ፣ ጥግ ይቀመጣሉ፣ ደረታቸውን ግን አይመቱም። ሴቶቹ «በሰው አሳብበሽ የልጅሽን አልቅሺ እንጂ» ሲሏቸው «መርዶ ያልተነገረውን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ በሕይወት ቢኖርስ?» ይላሉ። ጥቁርም ለብሰው አያውቁም። ሰርግ ሲጠሩ ደግሞ አይሄዱም። እንዲሁ በመሐል እንዳሉ እርጅና መጣ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮሚቴው ተሰብስበን ሳለን በዱላቸው እየተደገፉ ገቡ። ወንበር ብንሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ፈንታ፣ ለልጄ ድንኳን ስጠኝ» አሉ።

አያ ፈንታ ራዲዮዋን ከፍ አደረጉ። «እትዬ አንጓች፣ ደንቡ የሁላችንም ነው። ድንኳን የሚወጣው ሞት ሲረጋገጥ ነው። የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ይመሰክራል፣ ከዚያ መርዶ ይነገራል፣ ከዚያ ድንኳን ይወጣል።»

«የሚያውቅ ሰውማ ፊቴ ተቀምጧል።»

«ሰብሳቢ ምስክር አይሆንም። ለአሠራር አይመችም።»

«እንግዲያ ሰብሳቢነቱን ተወው።»

ራዲዮዋ ብቻ ስለ ማዳበሪያ ታወራለች። አያ ፈንታ ከጎናቸው ወዳለሁት ወደ እኔ ዞረው በለሆሳስ «ጻፍ፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» አሉኝ። ጻፍኩ። በሚቀጥለው ስብሰባም መጡ፣ ጻፍኩ። እትዬ አንጓች በየሦስት ወሩ ይመጣሉ፣ እኔ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት መዝገቡን ገልጬ ማየት እችል ነበር፤ ግን አልገልጠውም፤ ያሳፍረኛል። ተማሪዎቼን «ያየኸውን መስክር» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

ባለፈው ክረምት አያ ፈንታ ታመሙ። ሆዳቸው ላይ የወጣባቸውን ነገር ሐኪሞቹ አይተው «ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አሏቸው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞላ ይመላለሱ ጀመር። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ንስሐ ምስጢር ነው። የማውቀው ቄሱ አንድ ቀን ከዚያ ቤት ፊታቸው እንደ ቅጠል ጠውልጎ መውጣታቸውን፣ በማግስቱም አያ ፈንታ እኔን ማስጠራታቸውን ነው።

«ነገ ንጋት ላይ መርዶ አለ» አሉኝ።

«ማን ሞተ?»

እጃቸውን ወደ ራዲዮ ዘረጉ፤ ቤታቸው ስለሆነ ራዲዮዋ የለችም። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። «ዋሲሁን» አሉ።

ስሙን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቤቴ ሄጄ ለሚስቴ ብነግራት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ «እፎይ በሉ እትዬ አንጓች» አለች። ጎረቤት ሁሉ ተነገረው። ቢራራ ሳይቀር ድንኳኑን አውጥቶ ሲያናፍስ ዋለ። ውኃ የምትይዘዋ ታወቀች፣ ከኋላ የሚቆመው ታወቀ።

ንጋት ላይ ሄድን። አያ ፈንታ ከስተው የድሮው የቆዳ ኮት ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ብርድ ነውና ሌላ የሚሞቅ ልብስ የለኝም አሉ። ቄስ ሞላ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ደግፈናቸው ዳገቱን ወጣን። በሩ ጋ ስንደርስ ከእጃችን ወጥተው ቀጥ አሉ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርገው አንኳኩ።

ውስጥ አልጋ ሲንቋቋ ሰማን። በሩ ግን አልተከፈተም።

«ይኼን ማንኳኳት አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ አንጓች ከውስጥ። ድምፃቸው ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ድምፅ አይደለም። «ፈንታ፣ ልጄ የለም። ባለፈው ወስደኸዋል። ረሳኸው?»

ባለፈው ሲሉ ያለፈውን ሳምንት ይመስል ነበር።

ቄስ ሞላ «ይበሉ እንጂ፣ ይናገሩ» ብለው ጎሸም አደረጓቸው። አያ ፈንታ አፋቸውን ከፈቱ። መዳፋቸው በራሷ ጊዜ ሄዳ ሸፈነችው። ከመዳፋቸው ሥር «የእድር አባላት ማጣሪያ ነው» አሉ። «የአባላት ማጣሪያ ነው፣ እትዬ አንጓች። በሥራ ሰዓት እንመለሳለን።»

ከዚያ ዞረው ቁልቁል ሄዱ፤ በሽተኛ መሆናቸውን ረስተው ቀድመውን ሄዱ። ሦስተኛው አጥር ላይ ደረስኩባቸው። እንደዚያን ዕለት ተቆጥቼ አላውቅም። «አያ ፈንታ፣ ሁለት ቃል እኮ ነው» አልኳቸው። «ልጅሽ ሞቷል። ሁለት ቃል።»

«ሁለቱን ካልኩ ሌላ ትጠይቀኛለች።»

«ምን ብለው?»

«የት ነው ትለኛለች።»

«ታዲያ የት ነው?»

አጥሩን ያዙ። «ብዙ ነበሩ» አሉ። «በዚያ ሳምንት መጻፉ ቀርቶ ነበር።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ለነገር ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር። ድንኳኑ ወደ እቃ ቤት ተመለሰ። ያጠፈው ቢራራ ነው። አያ ፈንታ ከአልጋ አልተነሡም፤ ከዚያ የቀብራቸው ዕቅድ መጣ።

ቀብሩ በዕቅዱ መሠረት ተከናወነ። ድንኳኑ በተባለው በኩል ተተከለ፣ እኔ በተባለው ቦታ መዝገቤን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው ለጉድ ነበር። ደብሩን ላሠሩት ሰውዬ እንኳ እንዲህ ያለ ሕዝብ አልወጣላቸውም። ሁሉም ሲገባ ወደ እኔ አንገቱን ሰበቅ ያደርጋል፤ መመዝገቡን ሊያረጋግጥ ነው። ሴት ልጃቸው ከባሕር ዳር መጥታ ነበር፤ ምንም የማታውቅ ጨዋ ልጅ ናት፤ የአባቷን ፎቶ አቅፋ ታለቅሳለች። የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ራሳቸው ናቸው የጻፉት። «በተለያዩ የመንግሥት ኃላፊነቶች ሀገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር ላይ ያ ዘመን ሁሉ አለቀ። ሕዝቡ መሬት መሬቱን አየ።

አንባቢው ወረቀቱን ሲያጥፍ እትዬ አንጓች ገቡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ጥቁር ለብሰው አይተናቸው ስለማናውቅ መጀመሪያ ያላወቋቸው ነበሩ። በእጃቸው የዋሲሁንን ፎቶ ይዘዋል፤ ለተማሪ መታወቂያ የተነሣውን፣ አንገትጌው የተጨማደደውን። ቀጥ ብለው ሄዱና ከፊት ከቆመው ከአያ ፈንታ ትልቅ ፎቶ አጠገብ አቆሙት።

«መርዶዬን ይዘኸው ሄድክ፣ ፈንታ?» አሉ። ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ወገኖቼ፣ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እንግዲህ እኔው ለራሴ ነግሬያለሁ። ዋሴ ሞቷል። የሰማሁት ዛሬ ነው። ድንኳኑ የእድሩ ነው፤ እኔም የእድሩ ነኝ።»

ከዚያ ያቺ ስንት ዘመን ደረት ሳትመታ የኖረች እጅ ተነሣች።

«ማለዳ ወሰዱህ ቁርስህን ሳትቀምስ፣
ይኸው አረጀሁኝ አንተን ሳላለቅስ።»

መጀመሪያ የተነሣው ቢራራ ነው። ከወንዶቹ ወገን ወጥቶ ፎቶው ፊት ተንበረከከ፤ «ዋሴ፣ ዋሴ ጓዴ» አለ። ከዚያ ሴቶቹ ተነሡ፣ ከዚያ ሁሉም። ወንድሙ የጠፋበት ወንድሙን ጠራ፣ አጎቷ የጠፋባት አጎቷን ጠራች። ለአያ ፈንታ ደረቅ ዐይኑን ሲጠርግ የዋለው ሰው ሁሉ የት አቁሮት እንደነበር እንጃ፣ እንባው ወረደ። የአያ ፈንታ ልጅ ግራ ተጋብታ የአባቷን ፎቶ እንዳቀፈች ቆመች፤ ቆይታ ደግሞ ከእትዬ አንጓች እግር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ምን እንደገባት አልጠየቅኋትም።

አንዱ የኮሚቴ አባል ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ጸሐፊ፣ ይኼ ከደንቡ ውጭ ነው፤ ምነው ዝም ትላለህ?» አለኝ። «ሂድና አልቅስ» አልኩት።

መዝገቡን ገለጥኩ። «ድንኳኑ የወጣለት ሟች» ከሚለው ሥር ከጠዋት ጀምሮ የአያ ፈንታ ስም ተጽፏል። አልሰረዝኩትም። ከሥሩ ጨመርኩበት። እጄ አላመነታም፤ ማመንታት የነበረበት ያኔ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ብዬ ስጽፍ ነው።

ማምሻውን ሰዉ ሲሳሳ እትዬ አንጓች በዱላቸው ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። ድምፃቸው ሰልሏል።

«መምህር፣ ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ፣ እትዬ።»

«አንብብልኝ።»

«ሟች፣ ዋሲሁን» ብዬ አነበብኩ። «ሞቱን ያረጋገጡት፣ እናቱ። መርዶውን የነገሩት፣ እናቱ። ድንኳን ወጥቶለታል። ተለቅሷል።»

ዱላቸውን ጥለው አጠገቤ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«አንዴ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩላቸው።